የአክሲዮን ጥሪ ሲመጣ ቤተሰቡ ያውቃልን?

በዚህ ወር የምናነሣው ጉዳይ ገንዘብን የሚመለከት ነው፤ ይሁንና ለነጋዴ ብቻ የተጻፈ እንዳይመስላችሁ። ከኒካሕ ወረቀትና ከቤት ካርታ ጋር ታጥፎ ሣጥን ውስጥ የተቀመጠ የአክሲዮን ሰርተፊኬት ያለበትን ቤተሰብ ሁሉ ይመለከታል። እንዲህ ያለው ቤተሰብ ደግሞ ከአቃቂ ገበያ እስከ ቃሊቲ ጉምሩክ ባለው መንገድ ግራና ቀኝ እንኳ ቢቆጠር ጥቂት አይሆንም። እህል ነጋዴው፣ የከባድ መኪና ሾፌሩ፣ ከፋብሪካ በጡረታ የወጣው አባት፣ ዐረብ አገር ሠርታ የተመለሰችው እኅት፣ ያቅማቸውን ያህል አክሲዮን የገዙ አሉ።

ለነገሩ አክሲዮን ለአቃቂ ሰው እንግዳ ቃል አይደለም። ዛሬ በዕድሜ የገፉት የሰፈሩ ሰዎች ኢንዶ-ኢትዮጵያ እያሉ የሚጠሩት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በአክሲዮን ማኅበርነት የቆመ ነበር። በጥር 1967 ዓ.ም. ደርግ ትልልቆቹን ፋብሪካዎች ሲወርስ እርሱም የመንግሥት ሆነ፤ ስሙም አቃቂ ጨርቃ ጨርቅ ተባለ። አዲስ አበባ ውስጥ በንጉሡ ዘመን የነበረው ትንሽ የአክሲዮን መገበያያም በዚያው ቀረ። ከዚያ በኋላ ሃያ ዓመት ያህል አክሲዮን ከሰው አፍ ጠፍቶ ከረመና፣ በ1986 ዓ.ም. ኢትዮጵያውያን የግል ባንክ እንዲያቋቁሙ ሕግ ሲፈቅድ ተመልሶ መጣ።

ያን ጊዜ አክሲዮኑ የጠፋው በአዋጅ ነው። እኛ ልንጽፍ የተነሣነው ግን ማንም ሳይወርሰው፣ ቀን ስላለፈበት ብቻ ከእጅ ስለሚወጣ መብት ነው። ማኅበሩ "ጥሪ" ያወጣል፤ ቀን ይቆርጣል፤ ቀኑ ያልፋል። የመብቱ ባለቤት ይህን ሁሉ የሚሰማው ዘግይቶ ከሆነ የሚጠይቀው ሰው የለም።

ዋራንት የሚሉት ወረቀት

ነገሩ አፍጥጦ የሚታየው በውጭ አገር ገበያ ነውና ከዚያ እንጀምር። በአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ "ዋራንት" የሚባል ወረቀት ይሸጣል። (በእንግሊዝኛው ፖሊስ ይዞት የሚመጣው የመያዣ ትእዛዝም በዚሁ ስም ይጠራል፤ ግንኙነት ግን የላቸውም።) ዋራንት አክሲዮን አይደለም። ወደፊት በተወሰነ ዋጋ የማኅበሩን አክሲዮን የመግዛት መብት ነው። የያዘው ሰው የትርፍ ድርሻ አያገኝም፤ በጉባኤ ድምፅ አይሰጥም። ተስፋው አንድ ብቻ ነው፤ የአክሲዮኑ ዋጋ በወረቀቱ ላይ ከተጻፈው በላይ ይወጣል የሚል ነው።

በየአገሩ ያሉ ልጆቻችን ይህን ወረቀት በእጅ ስልካቸው ይገዙታል፤ ከአክሲዮኑ በብዙ ስለሚረክስ ይማርካል። በተለይ ከ2012 እስከ 2013 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ገና ሥራ ያልጀመሩ ኩባንያዎች በብዛት ወደ ገበያ ሲወጡ ከአክሲዮናቸው ጋር ዋራንት ያያይዙ ነበር። የብዙዎቹ ውል ተመሳሳይ ነው። አንዱ ዋራንት አንድ አክሲዮን በ11 ዶላር ከ50 ሳንቲም ያስገዛል። ዕድሜው አምስት ዓመት ነው ይላል። ገዢውም "አምስት ዓመት አለኝ" ብሎ ይተኛል።

ዳሩ ግን እዚያው ውል ውስጥ ወረድ ብሎ ሌላ አንቀጽ አለ። የአክሲዮኑ ዋጋ በተከታታይ 30 የገበያ ቀናት ውስጥ ለ20ው ቀን 18 ዶላርና ከዚያ በላይ ሆኖ ከዋለ ኩባንያው ዋራንቱን መጥራት ይችላል። ሲጠራ የ30 ቀን ማስታወቂያ ይሰጣል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ወደ አክሲዮን ያልተለወጠውን ዋራንት ኩባንያው በአንድ ሳንቲም ይወስደዋል። በዶላር አላልንም፤ በአንድ ሳንቲም ነው።

በቁጥር እንየው። አንድ ወንድማችን 200 ዋራንት በሦስት ሦስት ዶላር ገዛ እንበል፤ 600 ዶላር አወጣ። አክሲዮኑ 19 ዶላር ደረሰ። አሁን እያንዳንዱ ዋራንት ቢያንስ የ7 ዶላር ከ50 ዋጋ አለው፤ በጠቅላላው 1,500 ዶላር መሆኑ ነው። ኩባንያው ጠራ። መብቱን በጥሬ ገንዘብ ለመጠቀም 200 ጊዜ 11.50፣ ማለትም 2,300 ዶላር በወሩ ውስጥ መክፈል አለበት። ይህን ያህል ከሌለው ዋራንቱን ከቀኑ በፊት በገበያ መሸጥ ይችላል። ሁለቱንም ካላደረገ ግን በ31ኛው ቀን እጁ ላይ የሚቀረው ሁለት ዶላር ነው። አክሲዮኑ አልወደቀም፤ ኩባንያው አልከሰረም፤ ውሉም አልፈረሰም። የወንድማችን 1,500 ዶላር ግን የለም።

ጥሪውስ እንዴት ይደርሰዋል? እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚዘናጋው። ኩባንያው ማስታወቂያውን የሚልከው በመዝገብ ላይ ላለው ባለቤት ነው። በስልክ የገዛ ሰው ግን በመዝገብ ላይ የለም፤ ያለው የደላላው ድርጅት ወይም የወረቀቶች አስቀማጭ ተቋም ስም ነው። ኩባንያው በጋዜጣዊ መግለጫ አወጣሁ ይላል፤ ደላላው በኢሜይል ላክሁ ይላል። ሰውየው ኢሜይሉን ከቀየረ ሁለቱም ግዴታቸውን እንደፈጸሙ ይቆጠራል። ደላላው ደግሞ የራሱ የጊዜ ገደብ አለው፤ ከኩባንያው ቀን በፊት ጥቂት ቀናት ቀድሞ በሩን የሚዘጋ አለ።

ሌላው ጉዳት በነዚያ 30 ቀናት ውስጥ የሚደርሰው ነው። ቨርጂን ጋላክቲክ የተባለው ወደ ጠፈር መንገደኛ ለማመላለስ የተቋቋመ ኩባንያ በመጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ዋራንቶቹን ጠራ፤ እስከ ሚያዝያ 5 ቀን ቆረጠ፤ ለቀሪው የሚከፍለውም አንድ ሳንቲም ነበር። የኩባንያው አክሲዮን በየካቲት ከ30 ዶላር በላይ ወጥቶ ነበርና የመጥሪያው ቅድመ ሁኔታ ተሟልቷል። ጥሪው ሲወጣ ግን የኮሮና በሽታ ዓለምን እየዘጋ ነበር፤ አክሲዮኑም ከነበረበት ከግማሽ በታች ወርዷል። ቅድመ ሁኔታው የሚለካው ባለፈው ወር ዋጋ ነው፤ ባለ ዋራንቱ የሚወስነው በዛሬው ዋጋ ነው። በዚያ ሁከት መካከል ሥራው ስለመቀጠሉ የማያውቅ ሰው በወር ውስጥ ገንዘብ አምጣ ወይም መብትህን ተው ተባለ። ጥሪ ሲወጣ ብዙ ባለ ዋራንት በአንድ ጊዜ ወደ አክሲዮን ስለሚለውጥና ስለሚሸጥም ዋጋው በራሱ ይጫናል።

ስለ ሸሪዓው ጥያቄ የሚያነሣ አንባቢ እንደሚኖር እናውቃለን። ዓለም አቀፉ የኢስላማዊ ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1992 (1412 ሂ.) ጂዳ ላይ ባካሄደው ሰባተኛ ጉባኤው፣ በዓለም ገበያዎች የሚሸጡ የመግዛትና የመሸጥ አማራጭ ውሎች እንደማይፈቀዱ ወስኗል። ምክንያቱም የሚሸጠው ነገር ገንዘብም፣ አገልግሎትም፣ ካሣ ሊወሰድበት የሚችል የገንዘብ መብትም አይደለም የሚል ነው። ከገበያ ለብቻው የሚገዛ ዋራንት ከዚህ ጋር የሚቀራረብ በመሆኑ ልጆቻችን ከመግዛታቸው በፊት ዓሊም ቢጠይቁ ይበጃል። የአክሲዮን ባለቤት በማኅበሩ ውስጥ ባለው ሽርክና ምክንያት የሚያገኘው ቅድሚያ ግን መልኩ ሌላ ነው። አሁን ወደ እርሱ እንለፍ።

በአገራችን ያለው ጥሪ

በኢትዮጵያ ዋራንት በየሱቁ የሚሸጥ ነገር አይደለም። የአክሲዮን ገበያው ራሱ ሥራውን የጀመረው በጥር 2017 ዓ.ም. ነው። ሆኖም የዋራንት ታናሽ ወንድም የሚባል መብት በእያንዳንዱ ባለአክሲዮን እጅ አለ። ማኅበሩ ካፒታሉን ለማሳደግ አዲስ አክሲዮን ሲያወጣ ነባሩ ባለአክሲዮን በያዘው መጠን ቀድሞ የመግዛት መብት አለው፤ የ1952ቱ የንግድ ሕግም ይህን ያውቅ ነበር፣ በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዲሱም ያውቀዋል። እንደ ዋራንቱ ሁሉ ዋጋው የተወሰነ ነው፤ እንደ ዋራንቱ ሁሉ ቀን ይቆረጥለታል።

እናታችን የአንድ ባንክ 20 አክሲዮን አላቸው እንበል፤ የእያንዳንዱ መደበኛ ዋጋ 1,000 ብር ነው። በውጭ ሰው ለሰው ሲሸጥ 1,800 ብር ያወጣል። ባንኩ ካፒታሉን በእጥፍ ለማሳደግ ወስኖ ለአንድ ነባር አክሲዮን አንድ አዲስ በመደበኛ ዋጋ ሰጠ። ከፍለው ከወሰዱ 20,000 ብር አውጥተው 40 አክሲዮን ይኖራቸዋል። ካልወሰዱስ? "ያለኝ 20 አልተነካም" ይላሉ። ተነክቷል እንጂ! በ1,800 የነበረው አንድ አክሲዮንና በ1,000 የወጣው አንድ አዲስ አክሲዮን ተደባልቀው አማካዩ ወደ 1,400 ይወርዳል። የእናታችን 20 አክሲዮን 36,000 ብር የነበረው 28,000 ብር ሆነ። 8,000 ብር የት ሄደ? ያልተወሰደውን አክሲዮን በ1,000 ብር የገዛው ሌላ ሰው ጋ ሄደ። ትርፉም ከእንግዲህ ለእጥፍ ባለድርሻ ነው የሚከፋፈለው። (ዋጋው እንዲህ ልክ በስሌቱ አይወርድም፤ የነገሩ አካሄድ ግን ይኸው ነው።)

ይህ በምናብ የተሰላ ቢሆንም ጥሪው ምናብ አልነበረም። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የባንኮችን ዝቅተኛ የተከፈለ ካፒታል 500 ሚሊዮን ብር፣ በኋላም 2 ቢሊዮን ብር እንዲሆን አደረገ። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ 5 ቢሊዮን ብር ብሎ ለነባሮቹ ባንኮች እስከ ሰኔ 2018 ዓ.ም. ጊዜ ሰጣቸው። ባንኮቹ ያን ገንዘብ ከየት ያመጣሉ? መጀመሪያ የሚጠይቁት ባለአክሲዮኑን ነው። አንዳንዴ በጠቅላላ ጉባኤ ተወስኖ የዓመቱ የትርፍ ድርሻ ወደ አክሲዮን ይዞራል፤ የቀረውን ደግሞ ጨምር ይባላል። ማስታወቂያው በአዲስ ዘመን ወይም በሪፖርተር ይወጣል፤ በስልክ መልእክት ይላካል፤ በባንኩ ቅርንጫፍ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል።

በአቃቂ ይህ ማስታወቂያ ሰውየውን ስቶ የሚያልፍበት ምክንያት ብዙ ነው። አክሲዮኑ ሲገዛ የተመዘገበው አድራሻ በቀበሌ ቁጥር ነበር፤ ቀበሌው ወረዳ ሆነ። ቤቱ ለልማት ፈርሶ ቤተሰቡ ቱሉ ዲምቱ ወይም ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ገባ። ስልኩ ተቀየረ። ጋዜጣ የሚያነብ የለም። አንዳንዴም ደብዳቤው ቤት ድረስ መጥቶ ማንም ሳይከፍተው ይቀመጣል። ልጅ ከዱባይ ደውሎ "እማ፣ ከባንክ የመጣ ነገር የለም?" ሲል እናት "አለ ልጄ፣ አንተ ስትመጣ ታነበዋለህ ብዬ ከሣጥኑ ውስጥ አድርጌዋለሁ" ትለዋለች። እናት ጥፋት የላትም። ሣጥን ውስጥ የገባ ነገር አይጠፋም ብላ ነው። ይህ ወረቀት ግን ከወርቅ ይለያል፤ ሣጥን ውስጥ ሆኖ ያረጃል።

ግማሹ ብቻ የተከፈለበት

ሌላም ዓይነት ጥሪ አለ፤ ከመጀመሪያውም ይብሳል። ሰው አክሲዮን ሲፈርም ሙሉውን ላይከፍል ይችላል። በቀድሞው የንግድ ሕግ አንድ አራተኛውን ከፍሎ ቀሪውን በኋላ መክፈል ይፈቀድ ነበር። ብዙ ሰው ይህን እንደ ቅናሽ ያየዋል። 100 አክሲዮን ፈርሞ የ25ቱን ከከፈለ በኋላ "የ25 አክሲዮን ባለቤት ነኝ" የሚል አለ። የፈረመው ለ100 ነው። ለ75ቱ ባለዕዳ ነው። ማኅበሩ ቀሪውን ክፈል ብሎ ሲጠራ መክፈል ግዴታ እንጂ ምርጫ አይደለም፤ ካልከፈለ ማኅበሩ አስጠንቅቆ አክሲዮኑን ለሌላ ለመሸጥ ሕጉ መንገድ ይሰጠዋል። ዋራንት የያዘ ሰው የሚያጣው የከፈለውን ነው። ግማሽ የከፈለ ባለአክሲዮን ግን ጥሪውን ዝም ቢል ዕዳው አብሮት ይኖራል፤ ቢሞትም ከውርሱ ላይ ይጠየቃል። ዕዳ ከውርስ ክፍፍል እንደሚቀድም ለዚህ መጽሔት አንባቢ መንገር አያስፈልግም።

ከዚህ ጋር አብሮ የሚነሣው የመቋቋም ላይ ያለ ማኅበር ነው። ዘምዘም ባንክን ለማቋቋም አክሲዮን የገዙ ወንድሞችና እኅቶች ነገሩን ያስታውሱታል። ብሔራዊ ባንክ ከወለድ ነፃ አገልግሎት በመደበኛ ባንኮች መስኮት ብቻ እንዲሰጥ ሲወስንና የመነሻ ካፒታሉም ወደ 500 ሚሊዮን ብር ሲያድግ ውጥኑ ቆመ። አስር ዓመት ያህል ካለፈ በኋላ፣ ከ2011ዱ የፖሊሲ ለውጥ ወዲህ፣ እንደገና ተነሥቶ በ2013 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ ሂጅራ ባንክም ተከተለ። በእነዚያ ዓመታት መካከል አድራሻ ቀይሮ፣ አገር ለቆ ወይም ወደ አኼራ ሄዶ ሁለተኛው ጥሪ ሲመጣ ያልተገኘ ባለአክሲዮን ቢኖር አያስገርምም።

በመደበኛ ዋጋ የተመለሰው የዳያስፖራ አክሲዮን

ለውጭ አገር ዘመዶቻችን የሚበጅ ሌላ ታሪክ አለ። የኢትዮጵያ ሕግ የባንክ አክሲዮንን ለረጅም ጊዜ ለኢትዮጵያዊ ዜጋ ብቻ ነው የፈቀደው። ሆኖም አሜሪካዊ ወይም አውሮጳዊ ፓስፖርት የያዙ ትውልደ ኢትዮጵያውያን በቀድሞ መታወቂያቸው ወይም ሳይጠየቁ የገዙ ብዙ ነበሩ። በ2009 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ እነዚህ አክሲዮኖች እንዲመለሱ አዘዘ። ባለቤቶቹ የሚያገኙት መደበኛውን ዋጋ ብቻ ሆነ፤ አክሲዮኖቹ በጨረታ ሲሸጡ ከዚያ በላይ የተገኘው ልዩነት ለመንግሥት ገቢ እንዲሆን ተደረገ።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ ከላይ ባየነው ሒሳብ ማስተዋል ይቻላል። አሥር ዓመት አብሮ ያደገ ባንክ ውስጥ ያለ አክሲዮን የገዙበት ዋጋ ብቻ ተመልሶ ሲሰጣቸው፣ የአሥሩ ዓመት ዕድገት የእነርሱ አልሆነም። የብሩ የመግዛት አቅም መውረዱ ሲታከልበት ጉዳቱ ይበዛል። በ2011 ዓ.ም. ሕጉ ተሻሽሎ ትውልደ ኢትዮጵያውያን የባንክ አክሲዮን እንዲገዙ ተፈቀደ። በ2009 የተመለሰው ግን ተመልሷል። በእኛ አስተያየት ውሳኔው ሕጉን ተከትሏል ቢባል እንኳ፣ ልዩነቱን ለባለቤቱ መተው የበለጠ ፍትሐዊ ይሆን ነበር። ለቤተሰብ የሚጠቅመው ነጥብ ግን ይህ ነው፤ ከዜግነት፣ ከስም ወይም ከሰነድ ጋር የማይገጥም አክሲዮን ጠሪው በፈለገ ጊዜ በፈለገው ዋጋ ሊጠራው የሚችል ነው። "በወንድሜ ስም ነው የገዛሁት፣ እርሱ ያውቀዋል" የሚሉም አሉ። በማኅበሩ መዝገብ ላይ ያለው ወንድምየው ነው፤ ጥሪውም ለእርሱ ይሄዳል፤ እርሱ ቢሞት የሚወርሱት የእርሱ ልጆች ናቸው። በሱረቱል በቀራ ዕዳን ስለ መጻፍ የመጣውን ረጅም አንቀጽ የሚያነብ ሰው በወንድማማች መካከል ያለ አማናም ቢጻፍ ነውር እንዳልሆነ ይረዳል።

ገንዘቡ ከየት ይምጣ

አንድ ነገር ሳይነሣ መታለፍ የለበትም። ጥሪ ሲመጣ ሌላው ሰው ባንክ ሄዶ በወለድ ሊበደር ይችላል፤ የእኛ ቤተሰብ ይህ በር ለእርሱ የተዘጋ ነው። ስለዚህ ለሙስሊም ቤተሰብ የ30 ቀን ጥሪ ከሌላው ይልቅ ያጠረ ነው። የእቁብ ዳኛውን አስቀድሞ አነጋግሮ ዕጣ ማስቀደም፣ ከዘመድ ቀርዱል ሐሰን መጠየቅ፣ ወይም ከእናት ጆሮ ወርቅ መለየት፣ ሁሉም ጊዜ ይፈልጋሉ። ሙሉውን ለመውሰድ አቅም ከሌለ ከፊሉን መውሰድ ይቻል እንደሆነ፣ ቀሪውን ቅድሚያ ለልጅ ወይም ለወንድም ማስተላለፍ ይፈቀድ እንደሆነ የማኅበሩን የአክሲዮን ክፍል ጠይቆ መረዳት ነው። መልሱ እንደ መተዳደሪያ ደንቡና እንደ ጉባኤው ውሳኔ ይለያያልና ከጎረቤት ሰምቶ መወሰን አያዋጣም። አቅም ከሌለ ደግሞ መተውም ሐላፊነት ያለው ውሳኔ ነው። ሆን ብሎ መተውና ሳያውቁ ማጣት ግን አንድ አይደሉም።

ውጭ አገር ያለ ሰው ውክልና ሲልክ "ንብረቴን እንዲያስተዳድር" የሚል ጥቅል ቃል ብቻ ባይጽፍ ይሻለዋል። አዲስ አክሲዮን ለመፈረም፣ ለመክፈል፣ የትርፍ ድርሻ ለመቀበልና በጉባኤ ድምፅ ለመስጠት ተብሎ ተዘርዝሮ ይጻፍ። ውክልናው በኤምባሲ ተሠርቶ፣ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና በሰነዶች ማረጋገጫ እስኪያልፍ ቀናት ይወስዳል፤ ጥሪው ከወጣ በኋላ የሚጀመር ውክልና ብዙ ጊዜ አይደርስም።

የሟች አክሲዮን ነገር ደግሞ ከሁሉም ይከብዳል። አባት ሲሞት ሰርተፊኬቱ በእናት እጅ ቢሆንም መዝገቡ ላይ ያለው የአባት ስም ነው። ወራሾች ወደ ሸሪዓ ፍርድ ቤት ሄደው የወራሽነት ውሳኔ እስኪያወጡ፣ የሚስት ድርሻ፣ የወንድ ልጅና የሴት ልጅ ድርሻ እስኪለይ ወራት ያልፋሉ፤ ወራሽ ውጭ አገር ካለ ዓመትም ይሞላል። ባንኩ ይህን አይጠብቅም። ጥሪው በሟች ስም ይወጣል፤ ቀኑም በሟች ስም ያልፋል። እንዲህ ያለ ሐዘን የደረሰበት ቤት ሦስቱ ቀን ካለፈ በኋላ ከቤተሰቡ አንዱ የሰርተፊኬቱን ቁጥርና መታወቂያውን ይዞ የባንኩን የአክሲዮን ክፍል ቢያስታውቅ፣ የውርስ ጉዳይ በፍርድ ቤት መያዙን የሚገልጽ ደብዳቤም ሲያገኝ ቢያስገባ፣ ቢያንስ ያልተወሰደ የትርፍ ድርሻ ካለና የተከፈተ ጥሪ ካለ ሊነገረው ይችላል።